የሳቢራ ቀኝ እጅ

ሳቢራን የሚያበግናት የገዛ ቀኝ እጇ ነው። ከክፍሏ ልጆች እንደሷ ለምስል ዓይን ያላት የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ካሜራ ስትይዝ ግን ሰላምታ የሰጣት ሰው ሁሉ ጉድ ይሠራታል። እጇ ሰላምታውን ለመመለስ ሳታዝዘው ተነሥቶ ደረቷ ላይ ልጥፍ ይላል፣ ምስሉም ዘመም።

ፊልም ሥራ የሚያስተምራቸው መምህር ኢርፋን ቁርጡን ነግሯታል። "ሳይቋረጥ፣ ሳይነቃነቅ ሁለት ደቂቃ። ዛሬ ካላመጣሽ ፊልማችሁን የሚቀርጸው ሪድዋን ነው።" የፊልሙ ሐሳብ የሷ፣ የሚቀረጹት የገዛ አጎቷ ጎሚስታው አያ ሙህዲን፣ ካሜራውን የሚይዘው ግን የክፍሏ ልጅ ሪድዋን! ይሄን እያሰበች ምሳ እንኳ አልወረደላትም። ለክፍሉ ያለው ካሜራ አንድ ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መመለስ አለበት። የካሜራ ማቆሚያው የትራይፖዱ እግር ከተሰበረ ደግሞ ወር አልፎታል። እንግዲህ ክርንን ጎን ላይ አጣብቆ፣ ትንፋሽን ውጦ መቅረጽ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በከሚሴ ከተማ ዋናው መንገድ ዳር፣ አጎቷ ጎማ ከሚጠግኑባት በር ላይ ቆመች። አያ ሙህዲን የባጃጅ ጎማ ፈቱና የውስጡን ላስቲክ ውሃ ውስጥ ነከሩት። አረፋው ቡልቅ ማለት ሲጀምር፣ ከጨፋ ማሽላ ይዘው የመጡ ሽማግሌ "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ። እጇ ደረቷ ላይ ወጣ። እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ ሰላም ብሏት አለፈ። ሦስተኛው ላይ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ደርሳ ነበር፤ አሥር ሰከንድ ሲቀራት በሌላ አላፊ ሰላምታ አበላሸችው።

"ኧረ አያ ሙህዲን፣ ይሄ ሰው ሌላ መንገድ የለውም?" አለች ካሜራውን ዝቅ አድርጋ።

"በሰው በር ሲያልፍ ታዲያ ዝም ይበል?" አሉ ጎማውን እየወለወሉ። "እኔ እመልሳለሁ። አንዱ ከመለሰ ይበቃል፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

ይሄ ትንሽ አሳረፋት። ለአስራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ክርኗን አጣበቀች። ጎማው ተነከረ፣ ቀዳዳው ተገኘ፣ ተፋቀ፣ ማጣበቂያው ተቀባ። ከኋላዋ አንዲት ሴት ሰላምታ ሰጡ፤ አያ ሙህዲን ቀና ሳይሉ መለሱ። ሳቢራ ጥርሷን ነከሰች።

"ሳቢራ፣ አካም ኦልቴ?" ሲል በኦሮምኛ እንዴት ዋልሽ አላት ከኋላዋ ሌላ የሴት ድምፅ።

አወቀችው። እማማ መሪማ ናቸው፤ እናቷ ለንግድ ባቲ ስትወርድ አዝለው ያሳደጓት ጎረቤት። እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ከደጅ የሚወጡት ከስንት አንዴ ነው።

"ሳቢራ? ደህና አይደለሽም እንዴ ልጄ?"

የቀራት ሃያ ሰከንድ ነው። አሁን እመልሳለሁ፣ ትንሽ ይታገሡኝ ስትል በሆዷ፣ አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ይዘው በካሜራው ፊት አለፉ። መሃል ላይ ሲደርሱ ቆመው ዞሩና አዩዋት። ከዚያ ሻርፓቸውን ሳብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሁለት ደቂቃው ሞላ። ልከተላቸው ብትል ሰዓቱ ሄዷል፤ ካሜራውን አቅፋ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

መምህር ኢርፋን ቀረጻውን ኮምፒውተር ላይ ከፈተው። አንዴም ሳይነቃነቅ አለቀ።

"አሁን ካሜራ ያዝሽ ይባላል" አላት። "ከኋላ የሚያወሩትን ሴትዮ ድምፅ እናጠፋዋለን፣ አታስቢ።"

አጠፋውና እንደገና አጫወተው። እማማ መሪማ ያለ ድምፅ መጡ፣ ምስሉ መሃል ላይ ቆሙ፣ ዞረው መልስ ጠበቁ። ሳቢራ ኮምፒውተሩ ፊት እንደቆመች ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።