ስም የሌለው ባሩድ

አሜሪካ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ ባለው የጦር መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ዴል ሚዛንና ጥግ ጥጉ ያለቀ መመሪያ መጽሐፍ ሰጠኝ። «ይህን ሳትጨርስ ለማንም ባሩድ እንዳትመርጥ» አለኝ። ሥራዬ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ እንደገና ለሚሞሉ የሽጉጥ ኢላማ ተወዳዳሪዎች ባሩድ መሸጥ ነበር።

ተወዳዳሪ የሚፈልገው እጅ የማይመታና ሁልጊዜ እኩል የሚተኩስ ጥይት ነው። ለዚህ ፈጥኖ የሚነድ ባሩድ በጥቂቱ ይበቃል። ችግሩም እዚያው ነው፤ ጥቂት ስለሆነ ተሳስተው ሁለቴ ቢጨምሩት ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፣ ሽጉጡን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ለጀማሪ ቀለሁን ሞላ የሚያደርገውን እመርጣለሁ። እሱ ሁለቴ ከተጨመረ ይፈስሳል፣ ይታያል።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ በሦስተኛው ዓመት አጠፋሁ።

ጋሼ ተስፋዬ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርና የኢላማ ተወዳዳሪ ናቸው፤ አሜሪካ እንደገባሁ ስድስት ወር ቤታቸው ያኖሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ባሩድ ይዘው መጡ።

«ወደ ሌላ ከተማ ሙቭ ያደረገ ጓደኛዬ ትቶልኝ ነው። እስቲ እየው፣ ያው ሁልጊዜ የምገዛው ባሩድ አይደል? ለነገው ውድድር ጥይት ልሞላበት ነው።»

ከፍቼ አየሁ። ግራጫ፣ ጠፍጣፋ ቅንጣት ነው፤ እንደሱ የሚመስል፣ ግን አነዳዱ የሚለያይ ስንት ዓይነት አለ። እሳቸው ግን አጠገባቸው ለቆመው ሐበሻ ደንበኛ «የኔ ልጅ በዚህ ሥራ አንደኛ ነው» ይሉታል። ይሉኝታ ያዘኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እሱ ነው» አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ለዴል እንደ ዋዛ ነገርኩት።

«አይተህ ለየኸው?» አለኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼ በዓይን አልለይም። ውድድሩ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

ደወልኩ፤ ስልካቸው አይነሳም። መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። ያበላኝ እጃቸው በኔ አንድ ቃል ሊቆረጥ ነው እያልኩ መንገዱን ሙሉ ስፈራ ነበር።

ውድድሩ ቦታ ስደርስ ጋሼ ሽጉጣቸውን ጥይት ሊያጎርሱ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይተኩሱ!»

«ምን ሆንክ አንተ? ሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው? ራስህ ቼክ አድርገህ አልነበር?»

«ዋሽቼዎት ነው። ባሩዱን አላውቀውም። አላውቅም ለማለት አፍሬ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ጥይቶቹን ሰበሰቡ፣ ስማቸውን ከተወዳዳሪ ዝርዝር አሰረዙና ጥለውኝ ሄዱ። በጣም አፈርኩ፤ ግን ሁለቱም እጃቸው ደህና ነበር።

ሰኞ ተመልሰው መጡና ጥይቱን አንድ በአንድ አብረን ፈታነው። ባሩዱን ዴል አስወገደው። ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አናውቅም።

«በል አሁን ባሩድ ከነስሙ ስጠኝ» አሉኝ ጋሼ።

ባሩድ በዓይን አይታወቅም። በራሱ ዕቃ፣ ከነስሙ ካልመጣ ይጣላል፤ ያመጣው አባትህም ቢሆን።