ከሸክላ ሠሪዋ ጎን የተቀመጥኩበት ምክንያት

በአገሬ ሰው ዘንድ የእኩልነት ታጋይ ተብዬ የምከበረው በአንድ ሚስማር ምክንያት ነው። ነገሩን ለማስተባበል ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሰው ግን ትሕትና ይመስለውና ይባስ ያከብረኛል። ስለዚህ ትቼዋለሁ። እውነተኛዋ ታጋይ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበሩ።

አብዮቱ ሲመጣ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። ከጂንካ ወደ ገዘር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው መንደራችን ፊደል አስቆጥራለሁ፤ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ስብሰባ ሲኖር መፈክር የማሰማውም እኔ ነኝ። ድምፄ ከቁመቴ ይበልጥ ነበር። በዚያ ዘመን እኛ ገበሬዎቹ ሸክላ ከሚሠሩት ጋር አንበላም፣ አንጠጣም፤ ቤታቸው አንገባም፣ እነሱም ቤታችን አይገቡም። ድስታቸውን ግን እንገዛለን። ጎመናችንን እነሱ በሠሩት ድስት ቀቅለን እየበላን እጃቸውን እንጸየፋለን። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር እያለ እኔ ስለ ካፒታሊዝም ተቃርኖ አስተምር ነበር።

አንድ ቀን ከጂንካ ካድሬ መጣ። ስለ ሰፊው ሕዝብ ሥልጣን ሲያብራራ ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ሲባል ከመካከላቸው እኚያ ያልኳቸው ሴት እጃቸውን አወጡ። አማርኛቸውን የለመዱት ድስት ሲሸጡ በገበያ ነው።

«ሰፊው ሕዝብ ትላላችሁ» አሉ። «እንዲህ ከሰፋ፣ ለእኔ መቀመጫ ምነው ጠበበ?»

ካድሬው ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ» አላቸው። እሳቸውም ቀጥ ብለው ገቡና የፊተኛው አግዳሚ ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። እኔም ብድግ ልል ነበር። ለካ አናጢው አንዱን ሚስማር በደንብ ሳይመታው ትቶት ኖሮ፣ የካኪ ሱሪዬን መቀመጫ ይዞኛል። ያለኝ ሱሪ እሱ ብቻ ነበር። ብነሳ ካድሬው ፊት የሚገለጠው ንቃቴ አልነበረም። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ካድሬው አርአያ የሚሆን ጓድ ብሎ አጨበጨበልኝ።

እሳቸው ጠጋ ብለው በቋንቋችን «ሱሪህ ተይዞ ነው እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«እንግዲያው ዝም ብለህ ተቀመጥ። ብቻዬን ከምቀመጥ ይሻለኛል።»

ከዚያ ወዲያ የት ይልቀቁኝ። ከወፍጮ ቤት ሰልፍ የተገፋች ሸክላ ሠሪ ካለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ መሬት ላይ እንዲቀመጥ የተደረገ የሸክላ ሠሪ ልጅ ካለ፣ «ያ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ይምጣ» ይላሉ፤ እኔን ማለታቸው ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ተናግረው ሲጨርሱ ግን ከቆሙበት ንቅንቅ የለም። ወፍጮ ቤት ደጃፍ እህላቸውን ይዘው ከቆሙ ሳያስፈጩ አይመለሱም። የሚሰድባቸው ሰው ሲመጣ «ሲጨርስ ንገረኝ» ይሉኝና ወደ ሌላ ያያሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። በትግሉ ውስጥ የነበረኝ ድርሻ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጉዳያቸው እድር ነበር። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ ሲሞት የሚቀብረው ሸክላ ሠሪ ነው። እሳቸው ግን «ድስቴን ተሸክማችሁ ቤታችሁ አስገብታችኋል፤ እኔንም አንድ ቀን ተሸከሙኝ» እያሉ የእድሩን ዳኛ ለዓመታት ወተወቱት። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ከድካም ይመስለኛል። ያን ቀን እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው አገኘኋቸው። ወዲያው ግን ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ከቀብር ስትመለሱ ቤቴ ትገቡ ይሆን?» አሉኝ። «ቀብራችሁኝ ደጅ ከቆማችሁ ምን ዋጋ አለው? ገብታችሁ ከልጄ ጋር ጠጡ። የምፈልገው እሱን ነው።»

«እንገባለን» አልኳቸው፣ መንደሩን በሙሉ ወክዬ። ማን እንደወከለኝ እግዜር ይወቅ።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ዐረፉ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ገበሬው ቃሬዛውን እየተቀባበለ ተሸከማቸው። እኔም ትከሻዬን ሰጥቼ ነበር፤ ከቁመቴ የተነሳ ቃሬዛው በእኔ በኩል ሲያዘቀዝቅ አንዱ «አንተ ውጣ» ብሎ ገፈተረኝ። የመንደሩ ወንጌላዊ ጸለየ፣ ሰውም አለቀሰ። ልቅሶው የእውነት ነበር፤ በዚህ ማንንም አላማም።

ስንመለስ ሴት ልጃቸው ቤቱን ጠርጋ፣ አግዳሚ ደርድራ፣ በእኛ አገር እንደ ቡና የሚጠጣውን የቡና ቅጠል በትልቅ ጋን አፍልታ መጠጫ ቅሎቹን አሰናድታለች። ግቡ አለች። የእድሩ ዳኛ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመና «ዛሬስ ሆዴን አሞኛል» አለ። ከኋላው ያለውም ሆዱን አሞታል። የሱም ተከታይ እንደዚያው። ያን ቀን መንደሩ በሙሉ ሆዱን ታሞ ዋለ።

እኔ ገባሁ። ልጅቷ ቅሉን ሞልታ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ደግማ ሞላችልኝ፤ ጠጣሁ። ጋኑን አየሁት፤ ገና ያልተነካ ይመስላል። እንገባለን ያልኩት እኔ ነኝና የሁሉንም ድርሻ ልጠጣላቸው ቆረጥኩ። እንዲህ ያለ ብልሃት የሚመጣው ለእኔ ብቻ ነው። ሆዴ ተወጠረ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ እኔ ግን ቅሉን እዘረጋለሁ። በመጨረሻ ልጅቷ ከእጄ ቀማችኝ።

«ይበቃሃል ጋሼ» አለች። «እናቴ የጠበቀችው አንተን አልነበረም።»

ልክ ነበረች። ያኔ ነው ያለቀስኩላቸው።