አጎቴ የተቀመጡበት እንጨት

የልጅ ልጄ አልማዝ ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትንሽ ቤት በሁለት እጇ ታቅፋ ገባች። በክብሪት እንጨትና በሙጫ የሠራችው ነው። «አያቴ፣ አቅም የሌለው ቤተሰብ ሊሠራው የሚችል ቤት ነው። መምህራችን ወደውታል» አለችኝ። ጣራውን በጣቴ ጫን አደረግሁት። ቻለ። እኔ ግን ልቤ ቀበና ወርዶ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ የጀመረበት ዘመን ነው። እኛም አባቴ በሞተ በዓመቱ ቀበና ወንዝ አጠገብ ቦታ አገኘንና ዳስ ጥለን ገባን። ዛሬ ወንዙን የሚያይ አያምነኝም እንጂ ያኔ ውሃው ይጠጣል፣ ከዳሩም ኮሽም ለቅመን እንበላ ነበር። ግንቦት ሲገባ ሰማዩ በካራ በኩል መጥቆር ጀመረ። ታናሽ ወንድሜ ደረቱን ያመዋል፤ ያለፈውን ክረምት የወጣው በእግዜር ቸርነት ነው። እናቴ ደመና ባየች ቁጥር እጇ ወደ ልጁ ደረት ይሄዳል።

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ደስታ፣ ቤት ሠሪ ነበሩ። ፊደልን ዘግይቼ በራሴ የለየሁ ሰው ነኝ፤ ጭቃን ግን በልጅነቴ ከእሳቸው ዘንድ በእግሬ ነው የተማርሁት። ቤት ለመሥራት የቸገረን የመሀሉ ምሰሶ ነው። ትልልቁ ጽድ ከእንጦጦ ተቆርጦ አልቋል፤ ከሩቅ እንዳይጎተት ጉልበት ያለው ሁሉ በቤተ መንግሥቱ ሥራ ተይዟል። አጎቴ «እንግዲህ መስከረም ይሁን» አሉ። መስከረም ማለት ክረምቱን በዳስ ማለት ነው።

አጎቴ ደንብ ነበራቸው። ሐሳብ ያለው ተማሪ በአፉ አይነግራቸውም፤ በጭቃና በስንጥር ትንሽ ቤት ሠርቶ ያሳያቸዋል። ሠራሁ። ምሰሶ የለውም፤ ቀጫጭን ወራጆች ከግድግዳው ተነሥተው ጫፍ ላይ ይተሳሰራሉ።

አብሮኝ የሚማረው የካራው ልጅ ገመቹ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «ይሄ ቤት ነው ወይስ የተደፋ እንቅብ?» አለ።

«ድንጋይ ጫንበት» አልሁት።

ጫነበት፤ ቆመ። ውሃ አፈሰሰበት፤ ቆመ። እናቴ ወንድሜን አቅፋ ከዳሱ ደጅ ታያለች። የምታየው ግን ቤቱን ሳይሆን የአጎቴን ፊት ነበር።

አጎቴ የበሶ ጭብጧቸውን ዋጥ አደረጉ። «ትንሽ ቤት ሁሉ ይቆማል፣ ልጄ። ጉንዳን እሷን የሚያህል ተሸክማ ትሮጣለች። በሬ በሬ ተሸክሞ አይተሻል? በሉ፣ አንዱን ወራጅ በእውነተኛው ቤት ልክ ቆርጣችሁ አምጡ።»

ቆርጠን አመጣን። እንጨቱን ከጫፍና ከጫፍ በሁለት ድንጋይ ላይ አጋደሙትና መሀሉ ላይ ተቀመጡ። ወፍራም ሰው ነበሩ። እንጨቱ ጎበጠ፣ ተንጣጣ፣ ለሁለት ተሰበረ፤ አጎቴም መሬት ላይ ዘጭ አሉ። እናቴ ፊቷን ወደ ዳሱ አዞረች። ከእንጦጦ በላይ ሰማዩ አጉረመረመ።

እኔ ስብራቱን አያለሁ። የተሰበረው መሀሉ ነው፤ ግራና ቀኙ ደህና ነው። ሌላ ወራጅ አጋደምሁና ከመሀሉ ሥር ሦስተኛ ድንጋይ አስገባሁ።

«ይቀመጡ፣ አጎቴ።»

«ዛሬ ሁለቴ ልትጥይኝ ነው?»

«ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እንጨቱ አንዴ ተንቋቋ። ገመቹ ማንም ሳያዘው ሄዶ ከጎናቸው ቁጭ አለ። እንጨቱ ዝም አለ።

«ይሄ ሦስተኛው ድንጋይ ቤቱ ውስጥ ምንድን ነው?» አሉኝ አጎቴ፣ ሳይነሡ።

«ውስጠኛ ግድግዳ ነው፤ ክብ በክብ ውስጥ። ቋሚዎቹ አጫጭር ናቸው፣ እኔና ገመቹ እንሸከማቸዋለን። ጥጆቻችን በውጭኛው ክብ ያድራሉ፣ ወንድሜ በውስጠኛው። ይሞቀዋል።»

አጎቴ ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና ወደ እናቴ ዞሩ። «እቴ፣ ይሄን ዳስሽን ለማገዶ ፍለጪው።»

ቤቱን ሳንጨርስ ዝናቡ ቀድሞን ነበር፤ የመጨረሻውን የሠንበሌጥ ነዶ ገመቹ ጣራው ላይ ያሰረው እየተደበደበ ነው። ወንድሜ ያን ክረምትም ሳለ። ግን የሳለው ደረቅ መሬት ላይ፣ እሳት ዳር ሆኖ ነው።

አልማዝ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። «ጥሩ አይደለም፣ አያቴ?»

«ጥሩ ነው። አሁን ከጓሮ ለእውነተኛ ጣራ የሚሆን አንድ እንጨትና ሁለት ድንጋይ አምጪልኝ።»

«ለምንሽ?»

«ልቀመጥበት» አልኋት። በውፍረት ዛሬ ከአጎቴ አላንስም።

እየሳቀች ወጣች። ስለ ሦስተኛው ድንጋይ አልነገርኋትም፤ እንጨቱ ሲሰበር ራሷ ልታመጣው ትሄዳለች።