ያረፈበት ቀን የሚለው ሳጥን

ፍኖተ ሰላም ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በነበረኝ ጊዜ፣ ከደምበጫ ወዲህ ካለ ገጠር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ይመላለሱብኝ ነበር። መጽሐፍ እየጻፉ ነው። ከአጥቢያቸው ወደ ሰሜኑ ጦርነት ሄደው ለቀሩት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ። «ቅጹን አንዴ ሥሪልኝ፤ እኔ ባዶውን እየሞላሁ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ።

ሁለት ፕሮግራም ነበረኝ። አንደኛው፣ ደብዳቤ የምንጽፍበት፣ በነጥብ የተሰመረው ባዶ ቦታ ላይ ስም ሲገባበት መስመሩን እየገፋ ገጹን ያበላሻል። መምህር አዩና ተቆጡ። «ይኸ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ መጽሐፍ ይባላል?» ሁለተኛው ለመዝገብ የሚሆን ነው፤ ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ ሳጥን አለው፣ ቃሉም ከሳጥኑ አይወጣም። ጠባዩ ግን ክፉ ነው። የቀን ሳጥን ባዶ ካገኘ የዕለቱን ቀን ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፍበታል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«ማን ባዶ ይተወዋል? የሁሉም መርዶ ተነግሯል እኮ!» አሉ። ከመምህር ጋር ደግሞ ማን ይሟገታል! በዚሁ በሳጥኑ ሠራሁት።

ኅዳር ላይ መምህር አንዲት እናት ይዘው መጡ። የእኒህ ልጅ መርዶ አልተነገረም ኖሯል። አብረውት የሄዱት ሁሉ ተለቅሶላቸዋል፤ እሱን ግን ሞተም አለም ያለ ሰው የለም። እናትየዋ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፣ ልጃቸው ከመጽሐፉ እንዳይቀር። የክርስትና ስሙን፣ በሬ ጠምዶ የሚያንጎራጉረውን ሳይቀር ነገሩን። የመጨረሻውን፣ ያረፈበት ቀን የሚለውን ሳጥን ዘለልነው፤ እኔም የፕሮግራሙን ጠባይ ዘንግቼ አተምኩት።

እናትየዋ ፊደል ስላልቆጠሩ መምህር ያነቡላቸው ጀመር። መምህር የፈረንጅ ቀን ሲያዩ ወደ እኛ አቆጣጠር ሳይመልሱ አያልፉም፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነው። በጣታቸው ቆጠር ቆጠር አድርገው፣ «ያረፈበት ቀን፣ ኅዳር ሚካኤል» ብለው ከጨረሱ በኋላ ነው፣ የዚያኑ ዕለት ቀን መሆኑን አውቀው የደነገጡት።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር። ሽማግሌ ይመጣል፣ ሌላ ሌላውን ሲያወራ ይቆይና ቁርጡን ይናገራል። ለእናትየዋም መጽሐፉ ሰበብ፣ እኛም መርዶ ነጋሪዎች መሰልናቸው። ነጠላቸውን ወርውረው ደረታቸውን ሲደቁ የመንገዱ ሰው ሁሉ ግር ብሎ ገባ።

«እማማ፣ በማርያም! ማሽኑ ነው፣ ራሱ የሞላው ነው!» እላለሁ እየጮህኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ለእሱስ ማን ነገረው?»

ማሽን ነው፣ የራሱን ሰዓት አይቶ ነው የጻፈው፤ አውቃለሁ። ግን ቤቱን ብቻዬን ስከፍት ጥያቄያቸው ቀድሞኝ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

በማግስቱ ቅጹን በዚያ በሚንገዳገደው ፕሮግራም ሠራሁት፤ የሞቱን ቀን መስመር ጭራሽ አወጣሁት። መምህር ይዘውላቸው ሄዱ፤ እናትየዋ ግን አልተቀበሏቸውም።

«ደጁ ኮሽ ባለ ቁጥር እየተነሳሁ ነው የኖርኩት። አሁን እርሜን አውጥቻለሁ፤ መልሳችሁ አታስነሱኝ» አሏቸው። መምህር ይህን ሲነግሩኝ አለቀሱ።

በዓመቱ፣ በሚካኤል፣ ተዝካሩን አወጡ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ቄሶቹ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀምጠዋል። እናትየዋ እጄን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡኝና አጎረሱኝ። «አንቺ ነሽ ያሳረፍሽኝ፣ ልጄ» አሉኝ። እውነትም ፊታቸው አርፏል፤ ቁርጥ የደከመው ሰው ተኝቶ ሲነሳ።

እኔ ጉርሻው አፌ ውስጥ እያለ ዓይኔን ከዳሱ በር መንቀል አቃተኝ። ከመንገዱ አንድ ጎልማሳ ብቅ ባለ ቁጥር፣ ያ ልጃቸው እንዳይሆን ነበር የምለምነው።