የትርፍ ድርሻው ከየት ተከፈለ?

በአንድ ማዕድን ማውጫ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ሆና የሠራች ሴት ነበረች። ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን ከእጇ ስለማትወጣ ሠራተኛው «ቆንጥሬ» ይላት ነበር። ጡረታ በወጣች በዓመቱ የአባቷ ቤት ተሸጠና ገንዘቡ ለእሷና ለታላቅ ወንድሟ ደረሰ። ወንድሟ ጡረተኛ አስተማሪ ነው፤ አንደበቱ ማር፣ ጆሮው ግን ድንጋይ።

ገንዘቡን ገና ሳይካፈሉ አንድ ጠዋት የሚያብረቀርቅ መጽሔት ይዞ ከተፍ አለ።

«ስሚ እህት ዓለም፣ ነገሩን ጨርሼዋለሁ። ለማዕድን ማውጫዎች ማጓጓዣ ቀበቶና የውኃ ፓምፕ የሚተክል ድርጅት ነው። ትንሽ ነው፤ ግን ከመቶ አሥራ ሁለት የትርፍ ድርሻ ይከፍላል። በአሥራ አንድ ዓመት አንዴም አላቋረጠም! የሁለታችንንም ለአክሲዮን እናውለው።»

«ጋሼ፣ ሁለት ሳምንት ስጠኝ፤ ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው? ላሟ እየታለበች ጥርሷን ልትቆጥሪ ነው?»

እሷ ግን መጽሔቱ ላይ የታተመውን የድርጅቱን ሪፖርት ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ወንድሟ ዓይኑን የጣለበት ገጽ ላይ ትርፉ ያምራል። ሦስት ገጽ አለፍ ሲባል ግን ከደንበኞች በእርግጥ የተሰበሰበው ገንዘብ የትርፉን ሲሶ አይሞላም። የባንኩ ብድር ደግሞ በዚያው ዓመት ለባለአክሲዮኖች የተከፈለውን ያህል ጨምሯል። ከሥራው ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንድ ማዕድን ማውጫ ነው፤ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶታል።

ወረቀት ብቻውን ስለማይበቃት ወርክሾፑ ድረስ ሄደች። ትልቁ የብረት ማጠፊያ ማሽን ሸራ ለብሶ፣ ሸራው ላይ አቧራ ተጋግሯል። ሁለት በያጆች ጥላ ሥር ዳማ ይጫወታሉ። የፋይናንስ ኃላፊው ክራቫቱን እያስተካከለ ተቀበላት።

«የአምናው የትርፍ ድርሻ ከየት ተከፈለ?» አለችው።

«ከትርፍ ነዋ፣ እትዬ!»

«ትርፉማ ገና ደንበኛው ኪስ ውስጥ ነው። እኔ የምጠይቅህ ገንዘቡን ነው።»

«ደንበኛችን ትልቅ ነው፤ የትም አይሄድም።»

«ውሉ ሲያልቅስ?»

«ይታደሳል።»

«ማን አለ?»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ከዚያም የድርጅቱ ስም የታተመበት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አስታቅፎ ሸኛት።

ያየችውን ሁሉ ለወንድሟ ዘረዘረችለት። «አንቺን ጥርጣሬ ጡት ያጠባሽ ነው የሚመስለው» አላትና ገንዘቡን ለሁለት ተካፈሉ። እሱ አክሲዮኑን ገዛ፤ እሷ ባንክ አስቀመጠች።

በዓመቱ ከመቶ አሥራ ሁለቱ ተከፈለ። በሁለተኛውም ዓመት ተከፈለ። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀስ በሉ፣ የእህቴ ገንዘብ ባንክ ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሱት!» ይላል፤ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። የገዛ ልጇ ሳትቀር፣ «እማዬ፣ ትንሽ ብታስገቢ ምን ነበረበት?» አለቻት። የሚያንገበግባት ሳቁ አልነበረም፤ ብድሩ በየዓመቱ ሲያብጥ ብቻዋን እያነበበች፣ የሚሰማት ሰው ማጣቷ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ማዕድን ማውጫው ውሉን ሳያድስ ሥራውን ለራሱ ሠራተኞች ሰጠ። የትርፍ ድርሻው ቆመ። ወንድሟ አክሲዮኑን ልሽጥ ቢል ገዢ ጠፋ። አንገቱን ደፍቶ ወደ እሷ ሲመጣ፣ «ልክ ነበርሽ» ሊላት መስሏት ነበር።

«አጥብቀሽ አልነገርሽኝም እኮ!» አላት።

ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ጆሮህ ውስጥ ልግባ?»

ቢሆንም ደም ነውና፣ ባለአክሲዮኖች ሲሰበሰቡ አብራው ሄደች። እጇን ስታወጣ ሰብሳቢው፣ «እርስዎ ባለአክሲዮን ነዎት?» አሏት።

«እህቱ ነኝ።»

«እህት አትናገርም» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ወደ ወንድሟ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «ብድሩን በምን እንደሚከፍሉት ጠይቅ፤ ሌላ አንድ ቃል እንዳትጨምር» አለችው። እሱ ተነሣ፤ ኮቱን ቆለፈ፤ ስለ ትዕግሥትና ስለ ሥራ ክቡርነት አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረና፣ «ታዲያ የትርፍ ድርሻው መቼ ይመለሳል?» ብሎ ጨረሰ።

«በቅርቡ!» አሉ ሰብሳቢው።

ጭብጨባው ቀለጠ። ወንድሟም አብሮ አጨበጨበ። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በሰው ጉልበት መሀል እየተሽሎከሎከች ወጣች።