ቤቱ ሲሄድ ውስጡ ነበርኩ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እኔ ሺንሺቾ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ በሥራዬ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር አይቻለሁ። በአንድ ጠዋት ፈርቼ፣ ስቄ፣ መልሼ ደግሞ ያለቀስኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ የማይወጣው።

ነገሩ የአማቴ ቤት ጉዳይ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። በእኛ በከምባታ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ በስሙ ስጠራ የምውል ሴት፣ እሳቸው ጋ ስደርስ ምላሴ እምቢ ይላል። አባባ ነው የምላቸው።

አባባ የሚኖሩት አባታቸው በሠሩት ትልቅ ክብ የሳር ቤት ውስጥ ነው። እኔና ባለቤቴ ከጀርባቸው፣ ከእንሰቱ ወዲያ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርተናል። "ወደ እኛ ይግቡ" ብዬ ስንቴ ለምኛቸዋለሁ! "ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮሽ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው እንዴት እዚያ ይተኛል?" ይሉኛል። እውነት ለመናገር ቤታቸው ግሩም ነው። ምሰሶው በጭስ ጠቁሮ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል። ክረምት ከበጋ ውስጡ ይሞቃል።

ከድር የሚባል የታሪክ መምህር አለ። እሱና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜትርና ስልካቸውን ይዘው የቆዩ ቤቶችን እየፈለጉ ይመዘግባሉ። ማን ሠራው፣ እንጨቱ ከየት መጣ፣ እነማን ተወለዱበት ብለው ይጠይቃሉ። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው። አንዳንዱ ግብር ሊያስጨምሩብን ነው ብሎ በር ይዘጋባቸዋል። አንድ ቤት ውሻ ለቀውባቸው ከድር ቁስሉን ይዞ የመጣው እኔው ጋ ነው። "አንተ ሰውዬ፣ አገሩ ከሳር ወደ ቆርቆሮ ሲሄድ አንተ ወደ ኋላ!" እያልኩ ቁስሉን አጠብኩለት። ሳቀና "የአማትሽን ቤት መቼ ታሳዪናለሽ?" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል?

ወሰድኩት። ከአባባ ጋር ግማሽ ቀን ሲጫወቱ ዋሉ። ከዚያ በኋላ አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዱ ጀመር።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ መጣ። ወደ ጤና ጣቢያችን የሚወስደው መንገድ ሊሰፋና ድንጋይ ሊነጠፍበት ነው ተባለ። እኔ ራሴ እንዲሠራ የተሳልኩለት መንገድ ነው! ክረምት በመጣ ቁጥር ምጥ የያዛቸው ሴቶች በዚያ ጭቃ በቃሬዛ ሲመጡ የምቀበለው እኔ ነኝ። ግን የቀያሾቹ ችካል የአባባ ቤት ላይ ዐረፈ። ወዲህ ቢያደርጉት የጎረቤት ቤት፣ ወዲያ ቢያደርጉት ገደል ነው። ከድር ፎቶውንና ምዝገባውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰ። በአክብሮት አስተናገዱት፤ መንገዱን ማጠፍ ግን አልተቻለም።

አባባ በሽማግሌዎች ፊት ቆመው "በሕይወት እያለሁ ከዚህ ጣራ ስር አልወጣም" ብለው ማሉ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የተማለ መሐላ ቀልድ አይደለም። ይባስ ብለው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ተዉት። "ቤቴ ሊፈርስ፣ እኔ ምን ልሆን ነው የምውጠው?" አሉኝ። ግፊታቸውን በለካሁ ቁጥር ጨምሮ አገኘዋለሁ። ቁጥሩን ለባለቤቴ መንገር እንኳ ፈራሁ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከድር መጣና "አባባ፣ ቢያንስ እንጨቱን ነቅለን ሌላ ቦታ እናስቀምጥልዎ" አላቸው።

አባባ ተቆጡ። "የተነቀለ እንጨት ማገዶ ነው! ይህን ያህል ከወደዳችሁት ተሸክማችሁ ውሰዱት!"

ከድር ተነስቶ ወጣና ቤቱን ዞረው። ሲመለስ "አባባ፣ ድሮ ጣራ በሸክም ይዛወር ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው።

"እኔስ በጎረምሳነቴ ተሸክሜ የለም እንዴ?" አሉ አባባ፣ ቁጣቸው ሳይበርድ። "ያኔ ግን ሰው ነበር።"

"አሁንም ሰው አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።"

"ይሄ ሎሚ አይደለም፣ ጣራ ነው!" አልኩት። በልቤ ሰውዬው አብዷል ብያለሁ።

አላበደም። በእኛ በካቶሊኮቹ ቤተክርስቲያን ጣራ ለመሸከም ሰው እንዲወጣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ፤ በመስጊድ አርብ ተነገረ። እድሩም ለፈፈ። እኛ ቤት አጠገብ መሬቱ ተደልድሎ ለምሰሶው ጉድጓድ ተቆፈረ። ለጣራው ማለፊያ ደግሞ እንሰት ተቆረጠ። የማን እንሰት? የእኔ! ስንት ዓመት የተንከባከብኩት እንሰት ሲወድቅ አንጀቴ አረረ።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ጣራውን በባላ ደግፈው ግድግዳውን ነቀሉት። ረጃጅም ባሕር ዛፍ ከጣራው ስር እየሰደዱ በገመድ ጠፈሩ፤ ምሰሶውንም ከጣራው ጋር እንዲነሳ ከስሩ ቆፈሩት። ሁሉ ነገር ሲያልቅ ከድር "በሉ አባባ፣ አሁን ይውጡልን" አላቸው።

"የት ነው የምወጣው? ምያለሁ እኮ!"

ባለቤቴ ለመናቸው፤ ሽማግሌዎቹም ለመኑ። አባባ ምሰሶውን ይዘው ቆመዋል። "ጣራው ከሄደ እኔም እሄዳለሁ። ከስሩ ግን አልወጣም።"

"ቢወድቅብዎትስ?" ብዬ ጮህኩ። ምራት አማቷ ላይ አትጮህም፤ እኔ ግን ጮህኩ።

"እንግዲያው ነይና ያዢኝ" አሉኝ።

ምን ላድርግ? ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ገባሁ።

"ያዝ! አንሳ!" ሲባል ጣራው ከላያችን እየተንቋቋ ተነሳ። የስንት ዘመን ጥላሸት አናቴ ላይ ወረደ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። ዙሪያውን የሚታየኝ እግር ብቻ ነው፤ ቦት ጫማ፣ ኮንጎ፣ ሸራ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ እስከ ጉልበት የተጠቀለለ ሱሪ። አባባ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን፣ በሌላው እኔን ይዘው እንደ ሙሽራ ቀስ ብለው ይራመዳሉ።

እንሰቱ መሃል ያለው የውሃ ቦይ ጋ ስንደርስ በቀኝ በኩል ያሉት እግሮች ተንሸራተቱ። ጣራው ዘመመ። አንዱ ባሕር ዛፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ። "እመቤቴ ማርያም!" ብዬ አባባ ላይ ተጠመጠምኩ። ከውጭ "ያ አላህ!" የሚለው፣ "ኢየሱስ!" የሚለው፣ "ያዝ! ያዝ!" የሚለው ተደበላለቀ። ባለቤቴ "አባባ! አባባ!" እያለ ይጣራል። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

አባባ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "በቀኝ ያላችሁ! ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? ቀና በሉ!" ብለው ገሠጿቸው።

በዚያ ጭንቅ መሃል ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አባባን እንደያዝኩ ሳቅሁ። እግሮቹ ጭቃውን ቆንጥጠው ቀና አሉ፤ ጣራው ተስተካከለና ቦዩን ተሻገርን።

ምሰሶው አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ፣ ጣራውም ባላዎቹ ላይ ሲያርፍ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አባባ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ላብ በላብ ሆነዋል። ቀና ብለው ጣራቸውን ትክ ብለው አዩት።

"አልወጣሁም አይደል?" አሉኝ።

"አልወጡም አባባ።"

"በይ እንግዲህ መድኃኒቴን አምጪ።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ግድግዳው በዚያው ሳምንት ዙሪያውን ተተከለ፤ አባባም ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። መንገዱም ተሠራ። እነከድር ምዝገባቸውን ቀጥለዋል፤ አሁን ውሻ የሚለቅባቸው የለም። ጭራሽ "የእኛንስ መቼ ታያላችሁ?" እያለ የሚጠራቸው በዝቷል። ከጊምቢቹ ድረስ ቤቱን ሊያይ የመጣ ሰው አለ። ከድርን እንዴት እንደማከብረው ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። አፍሮ ጫማውን አየ።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ሸክሙ አልቆ ሰዉ ምግብ ሲበላ እኔ አባባን እያስተኛሁ ነበር። ስለዚህ የተሸከሙትን ሰዎች ፊት አላየሁም፤ የማውቀው እግራቸውን ነው። ማን እንደተሸከመ፣ ማን ደግሞ ዳር ቆሞ እንዳየ ለይቼ ማመስገን አልችልም። መርፌ ሲያይ የሚነጫነጭ ጎረምሳ ሲመጣብኝ ድሮ እቆጣው ነበር። አሁን ማንኛውንም ወንድ ቀስ ብዬ ነው የምወጋው። ተሸክሞን ቢሆንስ?