ከትራሙ ቀድሞ የሚወርደው

እዚህ ጀርመን፣ ወደ ቦርንሃይም ሰፈር በሚሄደው ትራም ውስጥ ደጋግሜ የማየው ሰው አለ። ነጭ የአስታማሚ ጫማ ያደርጋል፤ ለአረጋውያን ወንበር ይለቃል። የቲኬት ተቆጣጣሪዎች ሲሳፈሩ ግን ሁልጊዜ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር ሳላጣራ አላልፍምና አንድ ቀን አብሬው ወረድኩ።

«ቲኬት የለህም እንዴ?»

የወር ቲኬቱን አሳየኝ። «ሰው ወረቀት ሲጠየቅ ማየት አልችልም፣ ጋሼ።» በልጅነቱ ከጎንደር እስራኤል ገብቶ፣ በኋላ ዌስት ባንክ ኬላ ላይ ወታደር ነበር። «አንድ ፍልስጤማዊ ሽማግሌ ሆስፒታል ቴርሚን፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ ነበራቸው። የማለፊያ ፈቃድዎ ትናንት አልቋል ብዬ መለስኳቸው። ልጃቸው ለመነችኝ፤ ጠመንጃ ደገንኩባት።»

«የሽማግሌውን ስም ታስታውሳለህ?»

የወር ቲኬቱን ወደ ኪሱ መለሰ። «ወረቀቱ ላይ ያነበብኩት ቀኑን ብቻ ነው።»